አሳማ አደንና ሰበቡ

«አሳማ ላድን ልሄድ ነው» ስል ሐበሻ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው። «እና ትበሉታላችሁ?» እኔ አልበላም። አብሮኝ የሚሄደው አብሮ አደጌም አይበላም። እናቴ በስልክ ስትሰማ «በስመ አብ! ምን ጎድሎብህ ነው ልጄ?» አለችና ወሬውን ወደ ጎረቤት ሠርግ አዞረችው። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። የማይበላውን እንስሳ ለመግደል ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን ነክቶት ነው?

መልሱ እኛ ጋ ሁሌም ዝግጁ ነው። «ገበሬውን ለማገዝ ነዋ!» ቴክሳስ ውስጥ አሳማ የሚያድን ሰው ሁሉ ይህቺን መልስ በኪሱ ይዟት ይዞራል። ስትነገር ደስ ትላለች። ጠመንጃ አንግቶ የሚሄደውን ሰው ደግ ታስመስለዋለች። በየካቲት ከጓደኞቼ ጋር ያሳለፍኩት ቅዳሜና እሑድ ግን ይህቺን መልስ አበላሽቶብኛል።

የሄድነው አራት ሆነን ነው። እኔና አብሮ አደጌ፣ እዚሁ ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባዬ፣ እና የሚስቱ ወንድም። መሬቱ የባልደረባዬ አጎት ነው። ከዳላስ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ቴክሳስንና ኦክላሆማን ወደሚለየው ወደ ሬድ ሪቨር ገደማ፣ ስንዴ የሚዘራበትና ከብት የሚረባበት አገር ነው። ዘመድ ባይኖረን መግባቱ ራሱ ከባድ ነበር። እዚህ መሬቱ በአብዛኛው የግለሰብ ነው። ሰው ካላወቅክ ወይ ከፍለህ ትገባለህ፣ ወይ ቤትህ ትቀመጣለህ።

ሕጉ ግን በአሳማ ላይ ልል ነው። ከ2019 ጀምሮ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በግል መሬት ላይ ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ የዱር አሳማ ለማደን የአደን ፈቃድ ማውጣት ቀርቷል። ወቅት የለውም። የቁጥር ገደብ የለውም። ቀን በለው ሌሊት ይቻላል። አጋዘን ቢሆን ስንት ጣጣ አለው! በደቡብና በምዕራብ ቴክሳስ ደግሞ ጃቬሊና የሚባል፣ አሳማ የሚመስል ግን አሳማ ያልሆነ እንስሳ አለ። እሱን «አሳማ መስሎኝ ነው» ብለህ ብትጥለው ጉድህ ፈላ። የአደን ፈቃድ ይጠይቃል፣ የራሱም ገደብ አለው።

ዓርብ ከሰዓት ደረስን። ሽማግሌው አጎት ቡና እንኳ ሳያስቀምሱን ፒክአፓቸው ላይ ጫኑንና ወደ ማሳው ወሰዱን። «መጀመሪያ ይህን እዩ» አሉ።

ስንዴው ከመሬት ከፍ ያለው ገና ስንዝር ያህል ነው። አረንጓዴው ዓይን ይሞላል። ከዚያ በድንገት ያልቃል። አንድ ሰፊ ቦታ ላይ አፈሩ ተገልብጦ፣ ቡቃያው በፊቱ ተደፍቶ፣ ነጭ ሥሩ ወደ ሰማይ ቆሟል። አንዳንዱ ጉድጓድ እስከ ጉልበት ያስገባል። አጎንብሼ አፈሩን ነካሁት። ገና እርጥብ ነው። «የትናንት ሌሊት ሥራ ነው» አሉ ሽማግሌው። አሳማው ስንዴውን ብቻ ፈልጎ አይደለም የሚቆፍረው። ሥሩን፣ ትሉን፣ ከአፈር በታች ያለውን ሁሉ በአፍንጫው እየገለበጠ ይበላል። የበቆሎ ገበሬ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ዘር በተዘራ ማግስት ሌሊት ይመጡና መስመሩን ተከትለው ፍሬውን አንድ በአንድ ለቅመው ይሄዳሉ።

አጥሩ ጋ ስንደርስ የታችኛው የሾህ ሽቦ ወደ ላይ ተጎብጧል። ሾሁ ላይ ጥቁር ጠጉር ተሰክቷል። አንዷን ፈልቅቄ አየኋት። ጫፏ ተሰነጣጥቋል፣ ስትነካት የምትወጋ ያህል ደረቅ ናት። ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመው የእንጨት ምሰሶ እስከ ታፋዬ ድረስ ጭቃ ተለቅልቋል። አሳማ ላብ አያልበውም፤ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ ነው። ከዚያ ያገኘው ምሰሶ ላይ ይታከካል። ባልደረባዬ የጭቃውን ከፍታ በእጁ ለካና አፏጨ። «ይሄ ትልቅ ነው።» እሱ ገና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያንን አሳማ ሲያልም ነበር።

ስለ እንስሳው ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ነገሩ ያለሱ አይገባም። አሳማ የአሜሪካ ተወላጅ አይደለም። ኮሎምበስ በ1493 በሁለተኛ ጉዞው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች አመጣው። በ1539 ደግሞ ስፔናዊው ሄርናንዶ ዴ ሶቶ ፍሎሪዳ ሲያርፍ ለስንቅ የሚሆኑ አሳማዎች ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከበረት ያመለጠው፣ ሰው ሆን ብሎ ሜዳ የለቀቀው ሁሉ ዱር ገባ። እስከዚህ የማንኛውም የቤት እንስሳ ታሪክ ነው። ቀጥሎ ያለው ነው የሚገርመው። በ1930ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ከብት አርቢዎችና አዳኞች የአውሮፓን የዱር አሳማ፣ «ሩሲያዊ» የሚሉትን፣ አስመጥተው ለቀቁ። ለምን? ሊያድኑት! እሱና ዱር የገባው የቤት አሳማ ተዳቀሉ። ዛሬ የምናሳድደው የእነሱን ዘር ነው።

በቴክሳስ 254 ካውንቲዎች (እንደ ወረዳ ያሉ አስተዳደሮች) አሉ። አሳማ ከሞላ ጎደል በሁሉም አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በአገሪቱ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ የዱር አሳማ ቢያንስ በ35 ስቴቶች እንዳለ ይገምታል። ጉዳቱና መከላከያው በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል ይላል። የሚያስፈራው ግን የመራባቱ ነገር ነው። እርግዝናው 115 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ሴቷ ዓመት ሳይሞላት ልትወልድ ትችላለች። ባለሙያዎቹ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ። ቁጥራቸው ባለበት እንዲቆም እንኳ በየዓመቱ ከመንጋው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መወገድ አለበት። እንዲቀንስ አላልኩም። እንዲቆም።

ማታ ላይ ሽማግሌው ካርታ አውጥተው ደንብ ነገሩን። በሰሜን በኩል እንደፈለጋችሁ። በስተ ደቡብ ግን ዝር እንዳትሉ። እዚያ ወጥመድ አለ። ወጥመዱ ሰፊ ክብ የብረት አጥር ነው። በሩ ወደ ላይ ተነስቶ ተንጠልጥሏል። ውስጡ በቆሎ ይደፋል። ካሜራ አለው፤ ምስሉን ወደ ስልካቸው ይልካል። በሩ ለሳምንታት ክፍት ሆኖ ነው የቆየው። አሳማዎቹ ገብተው ይበላሉ፣ ይወጣሉ፣ ይለምዳሉ። እሳቸው ቤታቸው ተቀምጠው ይቆጥሯቸዋል። ግማሹ ውጭ ቀርቶ ግማሹ ላይ በሩ ቢወድቅ፣ የቀረው ግማሽ ሁለተኛ አጥር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሁሉም እስኪገቡ ይጠበቃል።

አብሮ አደጌ ጠጋ ብሎ በአማርኛ «ሰውዬው ትዕግስታቸው የጉድ ነው» አለኝ። እሱ እንኳን ሳምንት ትራፊክ መብራት አይጠብቅም።

እኛ ወደ ሰሜኑ ሄድን። ባልደረባዬ በባልዲ የመጣ ማባበያ ነበረው። በቆሎ ውኃ ተሞልቶበት፣ ክዳኑ ተከድኖ ቀናት የቆየ ነው። ክዳኑን ሲከፍተው እኔና አብሮ አደጌ ተያየን። ልክ እንደ ጠላ ጥንስስ ይሸታል። ፈረንጆቹ አፍንጫቸውን ሲይዙ እኛ ቤታችን የገባን ያህል ተሰማን። ያ ሽታ አጋዘኑን አያስደስተውም። አሳማውን ግን ከሩቅ ይጠራዋል።

ዓርብ ሌሊት ምንም አልመጣም። በረደን፣ አዛጋን፣ ተመለስን። ስለ ዓርብ ይህ ይበቃል።

ቅዳሜ ማታ ነፋሱ ተስማማን። አሳማ ዓይኑ ደካማ ነው፤ አፍንጫው ግን አይምርም። ነፋስ ከአንተ ወደ እሱ ከነፈሰ አበቃ። ከእሱ ወደ አንተ ከነፈሰ ግን በጣም ልትቀርበው ትችላለህ። በስንዴው ዳር ጉብታ ላይ በሆዳችን ተኛን። ባልደረባዬ በቴርማሉ ማሳውን ይቃኛል። ቴርማል ማለት ሙቀትን የሚያይ መነጽር ነው፤ ጨለማው ውስጥ ትኩሱ ነገር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከሩቅ ጥጃንና አሳማን ሊያምታታ ይችላል። ስለዚህ አይቸኮልም። ቅርጹን ብቻ ሳይሆን አካሄዱን ታያለህ። ራሱን ዝቅ አድርጎ እየገፋ ከሄደ፣ ጭራውን እየወዘወዘ ከቆፈረ፣ እሱ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ማጉረምረም፣ ከዚያ አጭር ጩኸት፣ ጠብ፣ እንደገና ማጉረምረም። እየበሉ ይጣላሉ። ከዚያ ባልደረባዬ መነጽሩን አቀበለኝ። አንዲት ትልቅ ሴት ከፊት፣ ሌሎች ሴቶች ከኋላ፣ በመካከላቸው ደግሞ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ትንንሽ ነጭ ነጠብጣቦች። ግልገሎች ናቸው። መንጋው የእናቶችና የልጆች ነው። አውራው አሳማ ካደገ በኋላ ብቻውን ነው የሚሄደው። ያኔ የተሰማኝን ባልዋሽ ይሻላል። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። እጄ ቀዝቅዟል። ደግሞም ደስ ብሎኛል። ስለ ሽማግሌው ስንዴ በዚያች ሰዓት አንድም ነገር አላሰብኩም።

በሹክሹክታ ተከፋፈልን። ማን የትኛውን እንደሚመታ፣ ማን እንደሚቆጥር። ከኋላቸው ባዶ ዳገት መኖሩን ቀን አይተን አረጋግጠናል። ሦስት ሲባል ተኮስን። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። መንጋው ተበታተነ፤ ግማሹ ወደ ዛፎቹ፣ ግማሹ ወደ ወንዙ። የሚስቱ ወንድም በሚሮጡት ላይ ደጋግሞ ተኮሰ፤ ሁሉንም ሳተ። ዝም ሲል ማሳው ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዲት መካከለኛ ሴትና ከዳር ብቻውን ሲበላ የነበረ አንድ አውራ።

አውራው ባልደረባዬ ምሰሶው ላይ የለካው ይሁን ሌላ ማን ያውቃል። እሱ ግን እሱ ነው ብሎ ምሏል። ክራንቻው ከከንፈሩ ወጥቶ ወደ ላይ ታጥፏል። ስጋውን ለማውጣት ሁለቱን ወደ ፒክአፑ ጎተትናቸው። ጓንት የሌለው አይነካም ተባለ። ቀልድ አይደለም። የዱር አሳማ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ይይዛል። በደሙ፣ በሆድ ዕቃው፣ እጅ ላይ ባለች ትንሽ ቁስል በኩል ሰው ላይ ይተላለፋል። ስጋውም በደንብ ካልበሰለ አደጋ አለው። ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይበስላል፤ ለብ አድርጎ መብላት የለም።

እኔ ባትሪ ያዥ ሆንኩ። ባልደረባዬ የአውራውን ትከሻ ላይ ቢላውን ሲያሳርፍ ቢላው አልገባም አለ። «ንካው» አለኝ። በጓንቴ ተጫንኩት። ከቆዳው ሥር፣ ትከሻውንና ጎድኑን የሸፈነ ወፍራም ጠንካራ ንብር አለ። አዳኞቹ «ጋሻ» ይሉታል። አውራዎቹ ለሴት ሲዋጉ አንዱ ሌላውን በክራንቻ እንዳይቀደው የተሰጣቸው ነው። አሮጌ የክራንቻ ጠባሳ ዳር እስከ ዳር ነበረው። ይህ እንስሳ ስንት ጠብ አልፎ ነው እዚህ የደረሰው ብዬ አሰብኩ።

የሴቷን ታፋና ሽንጥ አወጡ። ለእነሱ ጥሩ ስጋ ነው፤ በረዶ ሳጥን ውስጥ ገባ። የአውራው ስጋ ግን ይሸታል አሉ። ትልቅ አውራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ክራንቻውን ብቻ ወሰዱ። የቀረውን ሬሳ ከማሳው አርቀን ለጥንብ አንሳና ኮዮቴ ለሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ተውነው። እዚህ ላይ ነበር እኔና አብሮ አደጌ ቅር ያለን። እኛ ባንበላም የሚበላው ሰው አለ ብለን ነበር የመጣነው። ያን ሁሉ የሚያህል እንስሳ ለአንድ ጥንድ ጥርስ! «እና እኛ ምን አገባን፣ አንበላው» አለ አብሮ አደጌ። አለ እንጂ እሱም አላመነበትም።

እሑድ ጠዋት ወደ ቤቱ ስንሄድ ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስልካቸውን ዘረጉልን። ወጥመዱ ሞልቷል። ሌሊት ከአልጋቸው ሳይወርዱ፣ ሁሉም መግባታቸውን አይተው፣ ስልኩን ነክተው በሩን ጥለውታል። እናቶች፣ ጎረምሶች፣ ግልገሎች። አንድ መንጋ ከነዘር ማንዘሩ። እኛ ሁለት ሌሊት በርዶን ከጣልነው ብዙ እጥፍ።

«ልንረዳዎት እንምጣ?» አልን። «ኑ» አሉን፤ ሄድን።

ወጥመዱ ጋ ስንቀርብ ትላልቆቹ በብረቱ ላይ እየተወረወሩ ይጋጫሉ። ብረቱ ይጮኻል። ሽማግሌው ትንሽ ካሊበር ጠመንጃ አውጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፤ አንድ በአንድ ጀመሩ። ሳይቸኩሉ። ሳያዝኑም፣ ሳይደሰቱም። በሕይወት ጭኖ ሌላ ቦታ መልቀቅ ክልክል ነው፤ እሱ ነው መጀመሪያውኑ አሳማውን በየቦታው ያዳረሰው። ስለዚህ መጨረሻው ይኸው ነው። ለባልደረባዬ ጠመንጃውን ሲያቀብሉት አልወሰደም። «ይሄ አደን አይደለም» አለ። የሚስቱ ወንድም ፒክአፑ ውስጥ ረስቶት የመጣ ነገር ትዝ አለውና ሄደ፤ ሳይመለስ ቀረ። አብሮ አደጌ ጀርባውን ሰጥቶ ሰማዩን ያያል። ማታ ለመተኮስ ተራ ስንሻማ የነበርን ሰዎች ነን።

ሽማግሌው አልተቆጡም። እየሠሩ ነገሩን። «ማታ የተኮሳችሁበት መንጋ ነገ እዚያ ማሳ አይመጣም። ጎረቤቴ ጋ ይሄዳል። ሲመለስም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። እናንተ ሁለት ገድላችሁ የቀሩትን አስተማራችሁልኝ።» ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ግን ነገሩ ገብቶናል።

ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ስፈልግ፣ የሳቸው ቁጭት የሳቸው ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። ቴነሲ በ1999 የአሳማ አደንን ዓመቱን ሙሉ፣ ያለ ገደብ፣ በመላ ስቴቱ ከፍታ ነበር። ሐሳቡ አዳኙ ይጨርሳቸዋል የሚል ነው። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። አሳማ ቀድሞ ባልነበረባቸው ካውንቲዎች ብቅ ብቅ አለ። ለምን ቢባል፣ በየሰፈሩ ለማደን የፈለገ ሰው አሳማ እያመጣ ይለቅ ነበር። በ2011 ሕጉን ቀየሩት። ካንሳስ ደግሞ በ2006 አሳማን ለመዝናኛ ማደን ጭራሽ ከለከለች። መንግሥት ራሱ በወጥመድና በባለሙያ ይዞታል፤ ካንሳስ ውስጥ አሳማ እንደ ቴክሳስ አልሆነም። አደን እስካለ ድረስ አሳማው እንዲኖር የሚፈልግ ሰው አለ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ታሪኩ ይኸው ነው።

ይህን ስል አደኑ አይረባም እያልኩ አይደለም። ለእኔ ረብቶኛል። ከጓደኛ ጋር በሆድ ተኝቶ ነፋስ ማዳመጥ፣ በሹክሹክታ መነታረክ፣ ከንጋት በፊት ጥቁር ቡና መጠጣት፣ ያን ድምፅ ከጨለማው ውስጥ መስማት በገንዘብ አይገኝም። ሽማግሌውም አትምጡ አላሉንም፤ እንግዳ ይወዳሉ። ብቻ «ገበሬውን ለማገዝ ነው» የሚለውን ትቼዋለሁ። አሁን ማንም ሲጠይቀኝ «ደስ ስለሚለኝ ነው» እላለሁ። እናቴ ይህንን መልስ ከቀድሞው ይልቅ ጠልታዋለች።

ዳላስ እስክንደርስ መኪና ውስጥ ክርክር ነበር። የሚስቱ ወንድም በሚቀጥለው በሄሊኮፕተር እናድን ይላል። ቴክሳስ ውስጥ ይቻላል፤ በ2011 በወጣ ሕግ ሰው ከፍሎ ከሄሊኮፕተር ላይ አሳማ መተኮስ ይችላል። አብሮ አደጌ ዋጋውን ስልኩ ላይ ፈልጎ ጮክ ብሎ አነበበ። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር። ከዚያ በኋላ ስለ ሄሊኮፕተር ያነሳ የለም።

ሽማግሌው ስንሰናበታቸው ግን አንድ ነገር ጠይቀውን ነበር። ወጥመዱን ነቅለው ወደ ወንዙ ዳር ሊያዛውሩት ነው። የብረቱ ክፍልፋይ ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ወገባቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ጠመንጃ አያስፈልግም፣ ጓንትና ጉልበት ብቻ። ባልደረባዬ ሥራ እንደሚበዛበት ተናገረ። የሚስቱ ወንድም የልጁ ልደት አለበት። እኔና አብሮ አደጌ «እንመጣለን» ብለናል። ቀኑን ገና አልቆረጥንም፤ እሱ ቅዳሜ ይላል፣ እኔ እሑድ።